ታክስ ሠሪ የፋይናንስ አማካሪ ለመሆን ሲነሣ፦ ፈቃዱ፣ ክፍያው እና ዋናው ሙያ

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክስ እሠራለሁ። ኢንሮልድ ኤጀንት ነኝ፤ ማለት ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ፈቃድ ያለኝ ታክስ ሠሪ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ነርሶች፣ የኡበር ሾፌሮች፣ የሆም ኬር ሠራተኞች፣ ትናንሽ ሱቅ ያላቸው። በየዓመቱ ታክሱን ስንጨርስ “እና ገንዘቤን ምን ላድርገው?” ይሉኛል። አንድ ጓደኛዬ የሕይወት ኢንሹራንስ ፈቃድ አውጥቼ ከእሷ ቡድን ጋር እንድሠራ እየወተወተችኝ ነው። “ፈቃዱን ካገኘሽ ፋይናንሻል አድቫይዘር ነሽ” ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ዋናው ነገር የሽያጭ ችሎታ ነው ባይ ነው። እኔ የአክሲዮን ገበያ እውቀቴ ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልማር እያልኩ ነው። የተሳካ የማማከር ሥራ ለመክፈት ምን ሙያ ያስፈልገኛል? የታክሱንስ ሥራ ልተወው?»

መልስ፦ ጓደኛዎ የነገረችዎት ስህተት ነው። የኢንሹራንስ ፈቃድ የሚፈቅደው ኢንሹራንስ መሸጥን ነው። ስለ አክሲዮን፣ ስለ ቦንድ ወይም ስለ ሚውቹዋል ፈንድ ምክር እየሰጠ በዚያ ሥራ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በአሜሪካ ሕግ የኢንቨስትመንት አማካሪ ነው። መሠረቱ በ1940 የወጣው የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ሕግ ነው፤ በላዩ ላይ የየስቴቱ ሕግ አለ። «401ኬሽን (በአሠሪሽ በኩል የምትቆጥቢውን የጡረታ ገንዘብ) አውጪና እዚህ ፖሊሲ ውስጥ ክተቺው» የሚል የኢንሹራንስ ሻጭ፣ ደንበኛዋ ገንዘቡን የምታወጣው እዚያ ውስጥ ያሉትን ፈንዶች ሽጣ ስለሆነ፣ ያልተፈቀደለትን ምክር እየሰጠ ሊሆን ይችላል። ቢዝነስ ካርዱ ላይ «ፋይናንሻል አድቫይዘር» ብሎ ማሳተሙ ነገሩን ያባብስበታል እንጂ አያድነውም።

እርስዎም ኢንሮልድ ኤጀንት ስለሆኑ ብቻ ከዚህ አያመልጡም። ሕጉ ለሒሳብ ባለሙያ የተወው ቀዳዳ አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ምክሩ ከዋናው ሥራ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ብቻ መሆን አለበት። ታክስ እየሠሩ «ከኤፕሪል 15 በፊት አይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) ውስጥ ብታስገቢ ታክስሽ በዚህን ያህል ይቀንሳል» ማለት ችግር የለውም። ለብቻው እያስከፈሉ «የፋይናንስ እቅድ እሠራለሁ» ብለው ካስተዋወቁ ግን መመዝገብ ግድ ነው።

ባለቤትዎ ግማሽ እውነት አለው። ሥራ ያለ ደንበኛ አይቆምም። ግን በኛ ማኅበረሰብ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደንበኞች ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እድሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉ ሰው ያገናኛል። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው። በእምነት የመጣ ደንበኛ ጥያቄ አይጠይቅም። ውል አያነብም። «አንቺ ካልሽ ይሁን» ብሎ ይፈርማል። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ የያዘ አማካሪ የሚያርመው ሰው የለም። ጎበዝ ሻጭ ከሆነማ ጉዳቱ ይብሳል፤ ስህተቱንም አሳምሮ ይሸጠዋል። አንድ መጥፎ ፖሊሲ ለአንድ ቤተሰብ ከተሸጠ ደግሞ ወሬው በአንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ለሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ የሽያጭ ኮርስ ላይ ገንዘብዎን አያፍስሱ።

የአክሲዮን እውቀቱም ያን ያህል አያስጨንቅዎት። የሚቀጥለውን ትልቅ አክሲዮን መገመት የዚህ ሥራ አካል አይደለም። የጠቀሷቸው ደንበኞች አብዛኛው ገንዘባቸው በአሠሪያቸው 401ኬ ወይም ተመሳሳዩ በሆነው 403ቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ምርጫቸውም ጥቂት ፈንዶች ናቸው። ዝቅተኛ ወጪ ያለውን ኢንዴክስ ፈንድ (ገበያውን በጅምላ የሚከተል ፈንድ) መለየት፣ አሠሪው የሚጨምረው ማች ሳይወሰድ እንዳይቀር ማድረግ፣ አክሲዮንና ቦንድ በምን መጠን እንደሚደባለቁ ማወቅ፤ ይህ በጥቂት ወራት ጥናት ይያዛል። ለአማካሪነት ለመመዝገብ ለሚወስዱት ፈተናም ማንበብዎ አይቀርም። ጊዜ የሚወስደው ሌላው ነው።

ጊዜ የሚወስደው ጠይቆ ማዳመጥ ነው። የኛ ሰው የገንዘብ ኑሮ በተለመደው የአማካሪ መጠይቅ ላይ አይሰፍርም። መጠይቁ «ንብረት» ሲለው ቤቱንና 401ኬውን ይጽፋል። አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር የጀመረው ግንባታ፣ በእህቱ ስም ያለው ኮንዶሚኒየም፣ ለአጎቱ ልጅ ያበደረው፣ የገባበት እቁብ፣ በየወሩ የሚልከው ገንዘብ ግን አይጠቀሱም። ውሸት አይደለም። እነዚህን ከ«ፋይናንስ» ስለማይቆጥራቸው ነው። «በወር ስንት ትቆጥባለህ?» ብለው ከጠየቁ «ምንም» ይላል። «ባለፈው ወር ለማን ለማን ላክህ? እቁብህ ስንት ነው? መቼ ይደርስሃል?» ብለው ከጠየቁ በወር 1,500 ዶላር የሚያንቀሳቅስ ሰው ሆኖ ይገኛል።

እቁቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አማካሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። 20 ሰዎች በወር 1,000 ዶላር የሚጥሉበት እቁብ ቢሆን፣ ለባለ ዕጣው 20,000 ዶላር ይደርሰዋል። መጀመሪያ ላይ የደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የደረሰው ወለድ የሌለው ቁጠባ ቆጠበ። «ወለድ የለውም፣ ተወው» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ያ ሰው እቁቡን ከተወ ገንዘቡ ባንክ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። ወለድ ለማይፈልግ ሙስሊም ደንበኛ ደግሞ ወለድ አለመኖሩ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። የእርስዎ ሥራ እቁቡን እንደ ወርሃዊ ግዴታ መዝግቦ፣ የሚደርስበትን ወር አውቆ፣ ያኔ ገንዘቡ የት እንደሚገባ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መንገር የእርስዎ ድርሻ ነው። አንደኛ፣ እቁቡን በካሽ የወሰደ ሰው 10,000 ዶላር እንዳያልፍበት ብሎ 9,000፣ 9,000 እየከፋፈለ ባንክ ካስገባ ወንጀል ሠርቷል፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም። ከ10,000 በላይ ካሽ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያ ሪፖርት የሚያስፈራ ነገር የለውም። መከፋፈሉ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ሁለተኛ፣ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው እቁቡ የሚወጣበትን ጊዜ ያስብበት። አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃሉ፤ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣም ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ወደ አገር ቤቱ ንብረት ስንመጣ፣ ታክስ ሠሪ መሆንዎ እዚህ ይጠቅምዎታል። አንድ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ሒሳብ ማሳወቂያ ማስገባት እንዳለበት ያውቃሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው በእናቱ ሒሳብ ላይ የመፈረም ሥልጣን ብቻ ካለውም እንደሚቆጠርበት ነው። ታክስ ሲሠሩ «የውጭ ሒሳብ አለህ?» ይሉታል፤ «የለኝም» ይላል። የፋይናንስ እቅድ ሲሠሩ ግን «እናትህ ቢታመሙ ከባንክ የሚያወጣው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «እኔ ነኝ የምፈርመው» ይልዎታል።

የብሩን ነገርም በቁጥር ያሳዩአቸው። በጁላይ 29፣ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ባንክ የተቀመጠ 1 ሚሊዮን ብር ከ17,000 ዶላር በላይ የነበረው ከ10,000 በታች ወረደ። ኑሮው በዶላር የሆነ፣ ጡረታውንም ሜሪላንድ ሊያሳልፍ የሚችል ሰው በብር ስንት ማስቀመጥ እንዳለበት ማሰብ አለበት። አዲስ አበባ ላይ የትኛውን አፓርታማ ይግዛ ብለው ግን ምክር አይስጡ። ያ የእርስዎ ሙያ አይደለም፤ ካርታውንም ሆነ ገንቢውን ከዚህ ሆነው ማጣራት አይችሉም።

የኡበር ሾፌሩ ጉዳይ ደግሞ ታክስና ምክር የሚጋጩበት ነው። ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል ከገቢ የሚቀነሰው ሂሳብ በ2025 70 ሳንቲም ነበር። ብዙ የሚነዳ ሰው ገቢው በወረቀት ላይ በጣም ዝቅ ሊል ይችላል። ታክሱ ይቀንሳል፤ እሱም ይደሰታል፤ እርስዎንም ያመሰግናል። ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው የሚሰላው ሪፖርት በተደረገው የተጣራ ገቢ ነው፤ ያውም ከፍተኛ ገቢ ባገኘባቸው 35 ዓመታት አማካይ። በ40 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሰው 35ቱን ዓመት አይሞላም፤ የጎደለው ዓመት ሁሉ በዜሮ ይገባል። ጡረታ ለማግኘት ራሱ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም። ለቤት ብድርም የሚታየው ያው ዝቅ ያለው ገቢ ነው። ተቀናሹን ይተወው ማለት አይደለም፤ ወጪው እውነተኛ ከሆነ መጻፍ አለበት። ነገር ግን ይህን አስቀድሞ አይቶ «ጡረታህ ከዚህ አይመጣም፤ ስለዚህ በራስህ ሴፕ አይአርኤ ወይም ሮት አይአርኤ ማስቀመጥ አለብህ» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ታክስ ብቻ የሚሠራ ይህን አይለውም። ኢንሹራንስ ብቻ የሚሸጥ ደግሞ የታክስ ፎርሙን ማንበብ አይችልም። የእርስዎ ብልጫ እዚህ ላይ ነው፤ ኮርስ የማይሰጠው ብልጫ።

ባልና ሚስትን ሁልጊዜ አንድ ላይ ያነጋግሩ። አንዱ የሚልከውን ሌላው የማያውቅበት ቤት ብዙ ነው። ይህ ሲወጣ ዳኛ ሆነው አይግቡ። «ምን ያህል ይላክ» የሚለውን እነሱ ይወስኑ፤ እርስዎ በየወሩ 500 ዶላር መላክ በ10 ዓመት 60,000 ዶላር መሆኑን ያሳዩና ዝም ይበሉ። ዝም ማለት የሚከብድዎት ከሆነ እሱን ይለማመዱ።

ሁለተኛው ሙያ መጻፍ ነው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ አንድ ገጽ፦ ምን ተባለ፣ ምን መከርኩ፣ ለምን፣ ደንበኛው ምን ወሰነ፣ ማን ምን ያደርጋል፣ እስከ መቼ። ለደንበኛው ይላኩለት፤ አንዱን ቅጂ ያስቀምጡ። ለትላልቅ ሰዎች በአማርኛ ይጻፉ፤ የእንግሊዝኛውም አብሮ ይኑር፤ ምክንያቱም የስቴቱ መርማሪ ሲመጣ የሚያነበው እሱን ነው። መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለብዎት። ከግዴታው በላይ ግን ገበያ ሲወድቅ የሚያድንዎት ይህ ወረቀት ነው። በ2020 የ500 ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ የሆነው ኤስኤንድፒ 500 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባለው አንድ ወር ገደማ 34 በመቶ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ማርች ላይ ፈርቶ የሸጠ ሰው ኪሳራውን ቆልፎ ወጣ። በ2022 ደግሞ አክሲዮንም ቦንድም አብረው ወረዱ። እንዲህ ባለ ቀን «ሽጪልኝ» ብሎ የሚደውል ደንበኛ ይኖርዎታል። ስታቲስቲክስ አይሰማዎትም። ራሱ የተናገረውን፣ «ይህን ገንዘብ እስከ 2040 አልነካውም» ያለበትን ወረቀት ሲያነቡለት ግን ይሰማል።

ሦስተኛው እምቢ ማለት ነው። አክስትዎ ገንዘብ አምጥተው «አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» ይላሉ። እምቢ ይበሉ። የደንበኛ ገንዘብ በእጅዎ ወይም በስምዎ ባለ ሒሳብ ከገባ ሕጉ ሌላ ከባድ ግዴታ ይጭንብዎታል፤ ለአንድ ሰው ቢሮ አይመከርም። ገንዘቡ በራሱ በደንበኛው ስም ትልቅ የአክሲዮን ደላላ (ብሮከር) ድርጅት ዘንድ ይቀመጥ። ደንበኞችዎ ያሉበት እቁብ ዳኛ ከሆኑም ዳኝነቱን ለሌላ ሰው ይልቀቁ።

አሁን ብዙ ታክስ ሠሪ የማያውቀውን፣ እርስዎን በቀጥታ የሚነካዎትን አደጋ ልንገርዎት። የታክስ ደንበኞችዎን መረጃ ለሌላ ሥራ መጠቀም አይችሉም። የፌዴራሉ የታክስ ሕግ አንቀጽ 7216 ያለ ደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ የታክስ መረጃውን ለሌላ ጉዳይ የተጠቀመን አዘጋጅ በወንጀል ይጠይቃል፤ እስከ አንድ ዓመት እስራት ድረስ። ኮምፒውተርዎን ከፍተው «ከ100,000 በላይ ገቢ ያላቸው እነማን ናቸው?» ብለው ለይተው ለእነሱ የማማከር ማስታወቂያ መላክ በዚህ ውስጥ ይገባል። ፈቃዱ አይአርኤስ ባዘዘው ቃልና መልክ ነው የሚዘጋጀው፤ እንደፈለጉ የሚጽፉት አይደለም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ያለቀውን ታክስ ለፊርማ ከሰጡ በኋላ ለሌላ ሥራ ማስተዋወቂያ ፈቃድ መጠየቅ ተከልክሏል። ስለዚህ ወረቀቱ ደንበኛው መጀመሪያ ሲመጣ፣ ዶክመንቱን ሲያስረክብ ይቅረብ። አልፈርምም ካለ ታክሱን እንደ ወትሮው ይሥሩለት። ጓደኛዎ በጣም የምትፈልገው ምናልባት ይህን የደንበኛ ዝርዝር ነው። ለእሷም ሆነ ለቡድኗ ስም እንኳ አይስጡ።

ምዝገባው እንዲህ ነው። ሲሪስ 65 የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ። ለዚህ ፈተና ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት አያስፈልግም፤ ሲሪስ 7 የሚባለው የአክሲዮን ሻጮች ፈተና ነው ድርጅት የሚፈልገው። 130 ጥያቄ፣ 180 ደቂቃ፤ ለማለፍ 92 መመለስ አለብዎት። ክፍያው 187 ዶላር ነው። ካለፉ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተመዘገቡ የፈተናው ውጤት ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ለመያዝ አይቸኩሉ። ቀጥሎ ድርጅትዎን እና ራስዎን ያስመዘግባሉ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች የሚያስተዳድር አማካሪ የሚመዘገበው በፌዴራሉ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በኤስኢሲ ሳይሆን በስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ላይ በአቶርኒ ጄኔራሉ ቢሮ ሥር ያለው የሴኩሪቲስ ዲቪዥን ነው የሚያየው። ፎርም ኤዲቪ የሚባለውን ይሞላሉ፤ ሁለተኛው ክፍል ለደንበኛ የሚሰጥ፣ ክፍያዎን፣ ልምድዎንና የጥቅም ግጭትዎን በቀላል ቋንቋ የሚዘረዝር ነው። ከሌላ ሰው አይቅዱ። የሚሠሩትን ካልመሰለ የስቴቱ ሰው ይመልሰዋል። በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሜሪላንድ በ2022 ከጀመሩት የመጀመሪያ ስቴቶች አንዷ ስለሆነችም በዓመት 12 ክሬዲት ተከታታይ ትምህርት ይጠበቅብዎታል።

እዚህ አካባቢ የሚሠራ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ደንበኛዎ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሊኖር ይችላል፤ ሌላው ዲሲ። ከሜሪላንድ ጋር ሦስቱም የተለያየ ተቆጣጣሪ አላቸው። ቢሮ በሌለዎት ስቴት በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ያነሱ ደንበኞች ብቻ ካሉዎት በአጠቃላይ መመዝገብ አይጠበቅብዎትም። ስድስተኛው ቨርጂኒያዊ ከመፈረሙ በፊት ግን ቨርጂኒያ ላይ መመዝገብ አለብዎት። ልጃቸው ጋ ብለው ዳላስ ወይም አትላንታ የሚዘዋወሩ ደንበኞችንም ይከታተሉ።

የተመዘገበ አማካሪ የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ የማስቀደም ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ፊዱሺያሪ የሚባለው ይህ ነው። ይህ ግዴታ ከክፍያው አወሳሰድ ጋር መስማማት አለበት። ብዙ አማካሪ ከሚያስተዳድረው ገንዘብ በዓመት 1 በመቶ ይወስዳል። ለእርስዎ ደንበኞች ይህ አያዋጣም፤ ለእርስዎም ለእነሱም። ነርሷ 12,000 ዶላር በሮት አይአርኤ ቢኖራት 1 በመቶው 120 ዶላር ነው። ሌላው 80,000 ዶላሯ በሥራ ቦታዋ 403ቢ ውስጥ ነው እንበል፤ ከዚያ ላይ በመቶኛ ማስከፈል አይሆንም። ደግሞም በመቶኛ የሚከፈለው ሰው «የቤት ብድርሽን ክፈይ» ወይም «ለልጅሽ ኮሌጅ አውጪው» ለማለት እጁ ይያዛል። የሚያስተዳድረው ገንዘብ ይቀንስበታላ።

ስለዚህ ቁርጥ ያለ ዋጋ ያውጡ። ለመጀመሪያው ዓመት ሙሉ እቅድ ለምሳሌ 1,500 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታዊ ክለሳ ያነሰ፣ ለአንድ ጥያቄ ደግሞ በሰዓት። «የኛ ሰው ለምክር አይከፍልም» የሚለው ወሬ አሁንም ይሰማል። የኛ ሰው ለምክር እየከፈለ ነው፤ ኮሚሽኑ ፖሊሲው ውስጥ ስለተደበቀ ነው የማይታየው። አንድ ጥንቃቄ፦ በስቴት የተመዘገበ አማካሪ ከ500 ዶላር በላይ፣ ከስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ከተቀበለ የሒሳብ ሚዛኑን ይፋ የማድረግ ግዴታ ይመጣበታል። ግማሹን ሲጀምሩ፣ ግማሹን ሲያስረክቡ ይቀበሉ፤ ሥራውንም በጥቂት ወራት ይጨርሱ።

ሒሳቡን ሳይሸፍኑ ይመልከቱት። በመጀመሪያው ዓመት 15 ሰው ቢያገኙ 22,500 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ የምዝገባ፣ የሶፍትዌር፣ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ይወጣል። ኢንሹራንሱን ግድ ባይሉዎትም ይግቡ። በዚህ ገቢ ቤት አይተዳደርም። ለዚህ ነው የታክሱን ሥራ አይተዉ የምለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የሚያበላዎት እሱ ነው። የተራበ አማካሪ ደግሞ ጥሩ ምክር አይሰጥም።

የጓደኛዎን ግብዣ በተመለከተ አስተያየቴ አንድ ነው፤ አይግቡበት። የሕይወት ኢንሹራንስ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ልጆች ያሉት፣ አገር ቤት የሚጦራቸው ወላጆች ያሉት የ38 ዓመት ሾፌር ኢንሹራንስ በጣም ያስፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ለ20 ወይም ለ30 ዓመት የሚገባ ርካሹ ተርም ኢንሹራንስ ነው። ማኅበረሰባችን ውስጥ በየሳሎኑ የሚሸጠው፣ ኢንሹራንስና ቁጠባን ያጣመረው ኢንዴክስድ ዩኒቨርሳል ላይፍ ሌላ ነው። ለሻጩ የሚከፈለው ኮሚሽን ከመጀመሪያው ዓመት ፕሪሚየም (ደንበኛው ለፖሊሲው ከሚከፍለው) ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ነው። ቶሎ ካቋረጡት የሚቀጣው ክፍያ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ገቢው የሚዋዥቅ ሰው በሦስተኛው ዓመት ሲያቋርጠው የከፈለው አብዛኛው ይቀራል። «እንደ ባንክ ነው፣ ታክስም የለውም» ተብሎ የተሸጠለት ሰው ከዚያ በኋላ ማንንም አማካሪ አያምንም። «አንቺም ሌላ ሰው አስገቢ» የሚለው አሠራር ደግሞ ገቢው ከምክሩ ሳይሆን ከምልመላው እንደሚመጣ ይነግርዎታል።

ሁለቱን ባርኔጣ አንድ ላይ ማድረግ፣ ማለትም በክፍያ የሚያማክር አማካሪም በኮሚሽን የሚሸጥ ወኪልም መሆን፣ ይፋ ከተደረገ በሕግ ይቻላል። ለእርስዎ ግን አልመክረውም። ደንበኛዎ የጥቅም ግጭቱን መግለጫ እንደማያነብ ከላይ ተነጋግረናል። ተርም ሲያስፈልገው ምን ያህልና ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፉለት፤ ከሌላ ወኪል ይግዛ፤ ከወኪሉም ምንም አይቀበሉ። ኑዛዜና ውክልናም ለጠበቃ ነው።

ሲኤፍፒ የሚባለው የፋይናንስ እቅድ አውጪዎች የሙያ ማዕረግ ጥሩ ነው፤ ሲያገኙት ከሲሪስ 65ም ነጻ ያደርጋል። ግን ዲግሪ፣ ረጅም ኮርስ፣ ፈተና እና 6,000 ሰዓት ልምድ ወይም በባለሙያ ሥር 4,000 ሰዓት ልምምድ ይፈልጋል። እሱን እስኪያገኙ አይጠብቁ፤ ሥራውን ጀምረው ጎን ለጎን ኮርሱን ይውሰዱ። በነዚያ ዓመታት ከአቅምዎ በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ የንግድ ሽያጭ ወይም ብዙ የአክሲዮን ኦፕሽን ያለው የቴክኖሎጂ ሠራተኛ፣ ልምድ ያለው ሲኤፍፒ ጋ ይላኩት።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይኸው፦ በዚህ የአሜሪካ በጋ (ሰመር) ሲሪስ 65ን ይፈተኑ። በመኸር ሜሪላንድ ላይ ይመዝገቡ፤ በኮሚሽን ምንም ላለመሸጥ ወስነው ፎርሙ ላይ ይጻፉት። ምዝገባው ሳይጸድቅ ለማማከር አንድ ዶላር አይቀበሉ፤ በነጻም ቢሆን «አማካሪ ነኝ» ብለው አያስተዋውቁ። ጃንዋሪ ላይ የታክሱ ሰሞን ሲከፈት የ7216 የፈቃድ ወረቀቱ ከዶክመንት መቀበያው ጋር አብሮ ይኑር። ከሚፈርሙት መካከል አሥር ቤተሰብ ብቻ ይምረጡ፤ ገቢያቸው ከፍ ያሉትን ሳይሆን እርስዎ ሥራቸውን በደንብ የሚያውቁላቸውን፤ ነርሶች ከሆኑ ነርሶች፣ ሾፌሮች ከሆኑ ሾፌሮች። የአንድ ሆስፒታልን 403ቢ አንዴ ካጠኑት ለአሥሩም ይሠራል። ስብሰባዎቹን ከኤፕሪል 15 በኋላ ይቅጠሩ፤ በታክሱ ግርግር መሀል ስለ ጡረታ የሚነጋገር ሰው አያገኙም።